«ደረቅ ነው» ያልኩባት ጠዋት

ባለፈው ዓመት አንድ ከደሴ የመጣ ሰው የኋላ ጎማው ተንፍሶበት ቆቦ ባለው ጋራዤ በር ላይ ቆመ። መኪናው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነበር። ጎማው እስኪሠራ ኮፈኑን እንዲከፍትልኝ ለመንኩት። ሳቀብኝና ከፈተልኝ። የእጄን ጀርባ ወደ ውስጥ ሰድጄ ቆየሁ። ያን ሁሉ መንገድ፣ በዚያ ፀሐይ መጥቶ፣ ውስጡ ለብ ያለ ነገር እንኳ ብዙም የለበትም።

«ምን ፈልገው ነው አባባ?» አለኝ።

«ሙቀት» አልኩት።

ሠላሳ አራት ዓመት የለፋሁት ከሞተር ሙቀት ጋር ነው። በራያ ቆላ ከሮቢት እስከ ዋጃ ያለ ሾፌር፣ መኪናው ሲፈላበት «ሁሴን ጋ ውሰዳት» ይባል ነበር። በዚያ ቀን ሥራዬ ማለቁ ገባኝ። እጄም መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበርና ከሁለት ወር በኋላ ጋራዡን ዘጋሁት። ቤት ስውል ግን ሥራው አልተወኝም። ከሥራው ውስጥ ደግሞ አንዲት ጠዋት አልተወችኝም። እሷን ለመጻፍ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ሥራ የጀመርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በአንድ የመስኖ ፕሮጀክት የውኃ ፓምፕ ሞተሮች ጠባቂ ሆኜ ነው። አለቃችን ሁሉን ነገር በጽሑፍ የሚፈልግ መሐንዲስ ነበር። አንዲት ቡሎን ብትጠፋ ሦስት ቅጽ እንሞላ ነበር። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ሞተር ማዳመጥን ተማርኩበት። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ደሴ ወጥቼ ሁለት ዓመት ጋራዥ ሠራሁ። ደሴ ብርድ ነው። እዚያ የነካሁት መኪና ሁሉ ደህና ይሄድልኝ ስለነበር ጎበዝ መካኒክ የሆንኩ መሰለኝ። አባቴ ታሞ ወደ ቆቦ ስመለስና ጋሽ ፈንታው ጋራዥ ስቀጠር ነው አለማወቄን ያወቅሁት። ደሴ ላይ ጤነኛ የነበረ ሞተር ቆቦ ቆላ ሲወርድ እንደ ድስት ይንተከተካል።

ጋሽ ፈንታው ረጅም፣ ትከሻቸው የጎበጠ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ነበሩ። የዕድሜያቸውን ግማሽ በከባድ መኪና ሾፌርነት፣ ግማሹን በመካኒክነት ያሳለፉ ናቸው። መኪና ሲመጣላቸው ኮፈን አይከፍቱም። መጀመሪያ ሾፌሩን አስቀምጠው ይጠይቁታል፤ «የምትሞቀው ስትሄድ ነው ስትቆም? ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ? ነፋሱ ከፊትህ ነው ከኋላህ?» ይህን ሳይጨርሱ ቁልፍ አይነኩም። እኔ ከጀርባ ሆኜ ቶሎ ቢከፍቱት እል ነበር።

በገባሁ በሳምንቱ አንድ አሮጌ ባለ ቱርቦ መኪና መጣ። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ በሚወጣው ትኩስ ጭስ እየተሽከረከረች ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የምትነፋ ቀንድ አውጣ የመሰለች ብረት ናት። ጉልበት ትሰጣለች፤ ግን ጭነት ይዛ ዳገት ስትወጣ እንደ ፍም ትቀላለች። የዚያ መኪና ሾፌር ሙቀቱ እንዲወጣለት ብሎ ከኮፈኑ ማጠፊያ ስር ወፍራም ቀለበቶች አስገብቶ፣ በመስታወቱ በኩል ያለውን ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጎት ነበር። ለእኔ ትክክል መሰለኝ፤ ደሴም ሲደረግ አይቻለሁ። ጋሽ ፈንታው ከኪሳቸው የጥጥ ክር አውጥተው፣ እየቆረጡ በኮፈኑ ጫፍ ላይ በፕላስተር ለጠፉ።

«ወንበሩ ላይ ቁጭ በልና ክሮቹን እያቸው» አሉኝ።

ወደ ሮቢት በፍጥነት ስንሄድ ክሮቹ በሙሉ ወደ ውስጥ ታጠፉ። አየሩ መስታወቱን ገጭቶ ተመልሶ በዚያ ቀዳዳ ይገባል እንጂ ሙቀቱ አይወጣም። ከፊት በራዲያተሩ ገብቶ በስር መውጣት ያለበትን ነፋስ ይገፋዋል። ስንቆም ደግሞ ክሮቹ ወደ ላይ ተነሡ።

«አየህ» አሉ፤ «ሲቆም ይጠቅመዋል፤ ሲሄድ ይጎዳዋል። ሰውዬው የሚቸገረው ሲሄድ ነው። እንግዲህ አውልቀው።»

ቀለበቶቹን አወለቅን። ከዚያ በራዲያተሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት በአሮጌ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ደፈንን፤ ነፋሱ በጎን እየሾለከ ሳያቀዘቅዝ እንዳያልፍ። የራዲያተሩን ክንፎች ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በውኃ ስናጥባቸው የማሽላ ገለባና የአንበጣ ክንፍ ወጣ። ሾፌሩ በሳምንቱ ተመልሶ መጥቶ ምስጋናውን የነገረው ለእኔ ነበር። ጋሽ ፈንታው ሰምተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሙቀቱ የት እንደሚያይል ለማወቅ የሻማ ጠብታ ይጠቀማሉ። በፍሬን ዘይቱ ዕቃ፣ በናፍጣው ቱቦ፣ በባትሪው ጎን አንዳንድ ጠብታ አድርገው መኪናዋን ይነዷታል። ሲመለሱ የትኛው እንደቀለጠ፣ የትኛው እንደቀረ ያያሉ። ከዚያ የላሜራ ግርዶሽ ይሠራሉ፤ ሁልጊዜ ሁለት ላሜራ፣ በመሃሉ የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት። «የሚከለክለው ብረቱ አይደለም፤ በመሃል ያለው አየር ነው» ይሉኝ ነበር። ባለ ቱርቦ መኪና ግቢያችን ሲገባ ሾፌሩ ሞተሩን ወዲያው እንዳያጠፋ ደግሞ ብልሃት ነበራቸው። ሄደው ይጨብጡታል፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቁታል። ቱርቦዋ ዘይት እየጠጣች እስክትበርድ ድረስ ያስወሩታል። ብዙዎቹ ሾፌሮች ሽማግሌው ወሬ ይወዳሉ ይሉ ነበር።

ሰባት ዓመት አብሬያቸው ከሠራሁ በኋላ ዓይናቸው ደከመ። በሞራ ተሸፍኖ ትንንሽ ነገር አያዩም ነበር። እጃቸው ግን ሁሉን ያውቃል። ጋራዡን ቀስ በቀስ ለእኔ ለቀቁልኝ። ደንበኛው «ጋሽ ፈንታው አሉ?» ሲል ይከፋኝ ጀመር። እኔም ሰው መሆኔን እንዲያዩ ፈለግሁ።

በዚያን ጊዜ ነው ከድር መኪናውን ያመጣው። ከድር የዕድሜ እኩያዬና የሰፈሬ ልጅ ነው፤ በልጅነታችን ቁርአን አብረን ስንቀራ አድገናል። አንድ አሮጌ ባለ ቱርቦ ፒክአፕ ነበረው። ከቆቦ ወደ ዞብል ተራራ ሰውና እህል ይጭንበታል። የዞብል መንገድ አስቸጋሪ ነው፤ መኪናዋ ጭነት ይዛ በአንደኛ ማርሽ እየተጎተተች ትወጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከኋላ ስለሚመጣ በራዲያተሩ የሚገባ አየር የለም። የከድር መኪና ሙቀት እግሩ ድረስ ይመጣበት ነበር። የቱርቦዋ ግርዶሽ ቡሎኖቹ ተቆርጠው ከወደቀ ቆይቷል።

ጋሽ ፈንታው እንደ ልማዳቸው ጠየቁት፣ ከዚያ ሥራውን ተከፋፈልን። ቱርቦዋ ወርዳ ታጠበች። ከቱርቦዋ ወደ ታች ዘይት የሚመልሰውን ቧንቧ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሁለቱ ብረት መሃል የምትገባውን ማሸጊያ፣ ጋሽ ፈንታው ራሳቸው በመቀስ ቆርጠው፣ በጣታቸው ዳበስ ዳበስ እያደረጉ አሰሩት። የእኔ ሥራ ግርዶሹን መሥራትና የጭስ ማውጫውን ቧንቧ እሳት በሚችል ጨርቅ መጠቅለል ነበር። ጨርቁ እንደ ቁስል ፋሻ ነው፤ ውኃ ውስጥ ነክረው አጥብቀው ይጠመጥሙታል። ቧንቧው ሙቀቱን ይዞ ወደ ውጭ ይወስደዋል እንጂ ኮፈን ውስጥ አይለቀውም።

«ከመጠቅለልህ በፊት» አሉኝ፤ «ሮቢት ድረስ ንዳት። ተመለስና ከዘይት ቧንቧው ስር ነጭ ጨርቅ ሰድደህ ጥረገው። ጨርቁ ደረቅ ከሆነ ጠቅልል። ይህ ፋሻ ሙቀት ብቻ አይይዝም፣ ዘይትም ይይዛል። ዘይት ከጠጣ ፋሻ መሆኑ ይቀርና ኩራዝ ይሆናል።»

ቀኑ የቆቦ ገበያ ማግሥት ነበር። የከድር ተሳፋሪዎች ከነኮተታቸው ጋራዡ አጠገብ ካለችው ግራር ስር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ከድር ይመላለሳል። «ሁሴኔ፣ ፀሐዩ ሳይከር ዳገቱን ልውጣበት» ይለኛል። እኔ ሮቢት አልሄድኩም። እስከ ከተማው መውጫ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ጨርቁን ሰደድኩ። ሳወጣው የጥፍር ያህል ቢጫ ነገር አለበት።

ሲገጠም የፈሰሰ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነትም ሊሆን ይችላል። ለማወቅ ግን ቧንቧውን ጠርጎ እንደገና መንዳት ነበረብኝ፤ ካልሆነም የጋሽ ፈንታውን ሥራ ፈትቶ እንደገና ማሰር። አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሰዎቹ ያዩኛል። ከድር ያየኛል። ጨርቁን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ጋሽ ፈንታው በሩ ላይ ካለው ወንበራቸው ሆነው ጠየቁኝ። «ሁሴን፣ ጨርቁ ደረቅ ነው?»

«ደረቅ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«ሮቢት ደረስክ?»

«ደረስኩ።»

«በል ጠቅልል» አሉኝ። ጥሩ አድርጌ ጠቀለልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ጥቅል የሠራሁ አይመስለኝም።

የሆነውን የሰማሁት ከሰዓት በኋላ ከዞብል ከወረደ ሰው ነው። መኪናዋ የዳገቱን አጋማሽ ካለፈች በኋላ ከኮፈኑ ስር ጭስ ወጣ። ከድር አቁሞ የእጅ ፍሬን ሳበ፣ ከኋላ የነበሩት ዘለው ወረዱ። ከሾፌሩ ጎን አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ነበር። በእሳቸው በኩል ያለው በር ከውስጥ አይከፈትም። ከድር በፊት በኩል ሲዞር እሳቱ በጎማው ጎን ወጥቶ ነበር። የበሩ እጀታ ብረት ነው። ይዞት፣ እያቃጠለው፣ እስኪከፈት ድረስ አልለቀቀውም። አሮጊቷ ምንም አልሆኑም። የከድር ሁለት እጆች ግን ደሴ ሆስፒታል ሁለት ወር ታክመው፣ ጣቶቹ ወደ ውስጥ እንደታጠፉ ቀሩ። መሪ መያዝ አልቻለም።

የተቃጠለችው መኪና ተጎትታ ጋራዣችን መጣች። ጋሽ ፈንታው ማንንም ሳያስጠጉ በጣታቸው ዳሰሷት። ከፋሻው የቀረውን አገኙ፤ ጠቁሮ ተጣብቋል። ከዚያ ወደ ዘይት ቧንቧው ሄዱ፤ ጓርኒሲዮኑ ያለበትን ቦታ ብዙ ጊዜ ዳሰሱት። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

«የኔ ነው» አሉ። «ከዚህ ነው የወጣው። እኔ የቆረጥኳት ናት። አንተ ስታየው ደረቅ ነበር፤ ስትሞቅ ለቀቀች።»

አሁን ልናገር አልኩ። ልናገር ልናገር እያልኩ እዚያው ቆምኩ። ጎረቤት ገባ፣ ስለ ከድር ጠየቀ፤ እሳቸውም «የኔ እጅ ነው ያቃጠለው» ብለው መለሱለት። አንዴ በሰው ፊት ከተባለ በኋላ መናገሩ ከበደኝ። በማግሥቱ የበለጠ ከበደኝ። በሳምንቱ ከተማው በሙሉ «ፈንታው ዓይናቸው ጠፍቶ ሰው አቃጠሉ» ይል ነበር። እኔም ይህን እየሰማሁ ሻዬን እጠጣ ነበር።

ጋሽ ፈንታው ከዚያ ቀን በኋላ ቁልፍ አልጨበጡም። ጋራዥ ይመጣሉ፣ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ ሾፌሩን ይጠይቁታል፣ ለእኔ ይነግሩኛል። አንድ ቀን አንዲት ቡሎን ከእጄ አምልጣ እግራቸው ስር ወደቀች። ጎንበስ ብለው ሊያነሱ ሲሉ እጃቸውን መልሰው ሰበሰቡና «ና አንሣት» አሉኝ። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖሩ። በታመሙበት ጊዜ አልጋቸው አጠገብ ለብዙ ሰዓት ተቀምጫለሁ፤ ብቻችንን የነበርንበት ጊዜም ነበር። ያወራነው ስለ ሞተር ነው። ቀብራቸው ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሰው እንደ ልጃቸው ነበር ብሎ አዘነልኝ።

እኔ ከዚያ በኋላ ጠንቃቃ መካኒክ ሆንኩ። ሮቢት ሳልደርስ የጠቀለልኩት ቧንቧ የለም። ጨርቁ ደረቅ ቢሆንም ደግሜ እነዳ ነበር። ደንበኛ ሲጣደፍ መኪናህን ይዘህ ሂድ እለው ነበር። በዚህ ጥንቃቄ ነው ስሜ የወጣው። በጦርነቱ ክፉ ዘመን መንገዱ ተዘግቶ ጋራዡ ቢዘረፍም፣ ሰላም ሲሆን ሾፌሮቹ ተሰብስበው ዕቃ ገዝተው አስከፈቱኝ። እያንዳንዱ ምስጋና ያችን ጠዋት ያነሣብኝ ነበር።

ጋራዡን በዘጋሁ በሦስተኛው ወር፣ ኅዳር ላይ፣ በባጃጅ ወደ ከድር ቀበሌ ሄድኩ። ከዞብል ተራራ ግርጌ ነው። ከድርን በሐዘንና በሠርግ አገኘው ነበር፤ ሰላምታ ተለዋውጠን እንለያያለን። ቤቱ ብቻዬን የሄድኩት ግን ያኔ ነው። ማሽላው ደርሶ ጎንበስ ብሏል። ከድር ከማሳው ዳር፣ ከግራሩ ጥላ ስር ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ከድር፣ ልነግርህ የመጣሁት ነገር አለ» አልኩት። ነገርኩት። ከከተማው መውጫ እንደተመለስኩ፣ ጨርቁ ላይ ያየሁትን፣ ጋሽ ፈንታው ሲጠይቁኝ ያልኩትን። ምንም አላስቀረሁም። እሱ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ማሳውን እያየ ሰማኝ።

«እኔም አጣድፌህ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«አንተ ሾፌር ነህ፤ ሾፌር ይጣደፋል። እምቢ ማለት የኔ ነበር።»

«አብሽር፣ አይዞህ። የኔን እኔ ይቅር ብያለሁ፤ አላህም ይቅር ይበልህ።» ቀጥሎ ጠየቀኝ፤ «ለጋሽ ፈንታው ነግረሃቸው ነበር?»

«አልነገርኳቸውም።»

ዞሮ አየኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ፊቱ ሲለወጥ ያየሁት ያኔ ነው።

«ሁሴን፣ ሰውዬው እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ እዚህ ይመጡ ነበር» አለኝ። «ማጭድ መያዝ እንደማልችል ያውቃሉ። ማሽላው ሲደርስ አንድ ሰው እየመራቸው ይመጣሉ፣ በዚያ ዓይናቸው እየዳበሱ ያጭዱልኛል። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ተው እላቸዋለሁ፤ ወላሂ ስንቴ ለመንኳቸው። ‹እጄ ነው ያጠፋው፣ እጄ ይሥራ› ይሉኛል። ለማንም እንዳልናገር አስምለውኝ ነው።»

 ጋሽ ፈንታው በየዓመቱ ኅዳር ላይ ለጥቂት ቀን ከጋራዥ ይጠፉ እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ። ዘመድ ጋ ነው የሚሄዱት ብዬ አልጠየቅኋቸውም ነበር። እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር፤ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ይቀለኝ ነበር።

«የእሳቸውን ይቅርታ እኔ ልሰጥህ አልችልም» አለ ከድር። የተናገረው በቁጣ አይደለም። እውነቱን ነው የነገረኝ።

ብዙ ተቀመጥን። ሴት ልጁ ምሳ አመጣችልን፤ አብረን በላን። ለመሄድ ስነሣ «አጨዳው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ኢንሻአላህ የፊታችን ሰኞ።»

ሰኞ በጠዋት ማጭድ ይዤ ሄድኩ። ከድር ማሳው ዳር ይጠብቀኝ ነበር። የሚንቀጠቀጠውን እጄን አየ። በታጠፉት ጣቶቹ ወደ ምሥራቁ ጥግ እያመለከተ፣

«ጋሽ ፈንታው ከዚያ ነበር የሚጀምሩት» አለኝ።

ወደዚያ ሄጄ ጀመርኩ።